በጅረት ዳር ስለምትኖር ባለ ኅብር ክንፍ ተርብ ዝንብ፥ ስለ ውሃም ስለምትሰጠው ምስክርነት

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገር ሰው። የዚህ ተረት ፊተኛው ወገን ለዳኛ፥ ኋለኛው ወገን ለውሃ ቀጂ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ሕዝብ እንዲያስተዳድር የተሾመ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ስለ ውሃ የሚነሣውን ክርክር ከሥሩ ሊያውቅ የሚችለው የውሃውን ጥሩነት መለየት ሲችል ነውና። በጅረት ዳር የምትኖር አንዲት ታናሽ ፍጥረት በዚህ ሥራ ሹሙንም ባለ መሬቱንም እንዴት እንደምትረዳ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል።

ስለ መልኳና ስለ ስሟ

ከደጋ ወደ ወይና ደጋ የሚወርድ መንገደኛ በቅሎውን ሊያጠጣ በዶቅማና በሾላ ጥላ ሥር ከሚፈስ ጅረት ዳር በቆመ ጊዜ፥ ውሃው ላይ በተንጠለጠለች ቅርንጫፍ ጫፍ የጣት ያህል ርዝመት ያላት ቀጭን ነገር ያያል። በመጀመሪያ ደረቅ ጭራሮ ትመስለዋለች። በቅጠሉ መካከል የፀሐይ ጮራ ሲያገኛት ግን ገላዋ እንደ ተወለወለ ናስ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እጁን ቢሰነዝር ትነሣለች፤ በተነሣችም ጊዜ ክንፏ አንድ ጊዜ ሰማያዊ፥ አንድ ጊዜ ሐምራዊ፥ አንድ ጊዜም አረንጓዴ መስሎ ይታያል። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ተመልሳ ታርፋለች። ቀርቦ ቢመለከታት ክንፏ እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ያ ሁሉ ኅብር የለም።

ይህች ፍጥረት ከተርብ ዝንብ ወገን ናት። ስሟ ተርብ ቢባልም ከተርብ ጋራ ዝምድና የላትም፤ መውጊያም የላትም፤ ሕፃናት ትነድፈናለች ብለው የሚሸሿት በከንቱ ነው። የተርብ ዝንብ ወገን በሁለት ይከፈላል። አንደኛዋ ወፍራሟ ናት፤ ስታርፍ አራቱን ክንፎቿን እንደ ተዘረጉ ትተዋቸዋለች፤ ዓይኖቿም ትላልቅ ሆነው ብዙውን ጊዜ በራሷ ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛዋ ቀጭኗ ናት፤ ስታርፍ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ ገጥማ ታጥፋቸዋለች፤ ዓይኖቿም በግራና በቀኝ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የምትነሣው ይህች ሁለተኛዪቱ ናት።

የተፈጥሮ ሊቃውንት በዓለም ላይ ከ6000 የሚበልጥ የተርብ ዝንብ ዓይነት ቈጥረዋል፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ የቀጭኗ ወገን ነው። በኢትዮጵያ የሚታወቁት ወደ 100 የሚደርሱ ሲሆኑ፥ ዐሥር ያህሉ ከዚህ አገር በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህም አንዷ ፕሴውዳግሪዮን ካፊኑም የምትባለው ስሟን ያገኘችው ከከፋ አገር ነው። መንገደኛው በጥላ ሥር ያያት ባለ ኅብር ክንፍ ደግሞ በሊቃውንት ዘንድ ፋኦን ኢሪዲፔኒስ ትባላለች፤ ትርጓሜውም ክንፈ ቀስተ ደመና እንደ ማለት ነው። እርሷ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዛፍ ባጠላባቸው ጅረቶች ትገኛለች።

ስለ ክንፏ ኅብር

የብዙ ነገር ቀለም በውስጡ ካለው ማቅለሚያ የሚመጣ ነው። ጥለት በቀለም ይነከራል፤ ቅጠልም አረንጓዴ የሆነው በውስጡ አረንጓዴ ማቅለሚያ ስላለ ነው። የዚህች ተርብ ዝንብ ኅብር ግን እንዲህ አይደለም። ክንፏ እጅግ ቀጭን ከሆነ ስስ ሽፋን የተሠራ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ከፊሉ ከሽፋኑ ላይኛ ገጽ፥ ከፊሉ ከታችኛው ገጽ ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ቀለም ይበረታል፥ ሌላው ይጠፋል፤ የትኛው እንደሚበረታም ተመልካቹ በቆመበት ወገን ይለያያል። በሳሙና አረፋና በዝናብ ውሃ ላይ በፈሰሰ ዘይት የሚታየው ኅብር ከዚሁ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1665፥ ኢሳቅ ኒውተንም በ1704 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ስስ ሽፋን ቀለም በሰፊው ጽፈዋል።

ከዚህ ለአስተዋይ ሰው አንድ ቁም ነገር ይገኛል። አንድ ነገር ከአንድ ወገን ብቻ ታይቶ አይፈረድበትም። ስለ ውሃ የሚነገረውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የጠራ ውሃ ሁሉ ሕያው አይደለም፥ የደፈረሰም ሁሉ የሞተ አይደለም።

ስለ አኗኗርዋ

እናቲቱ እንቍላሏን ሜዳ ላይ አትጥልም። በጭራዋ ጫፍ ባለው ሹል ነገር የቄጠማውን ወይም በውሃ ውስጥ የበሰበሰውን እንጨት እየሰነጠቀች በውስጡ ታስቀምጠዋለች። ከእንቍላሉ የምትወጣው እጭ ክንፍ የላትም፤ በውሃ ውስጥ በድንጋይና በሥር መካከል ትኖራለች። በጭራዋ ጫፍ እንደ ቅጠል የሆኑ ሦስት ስንጥቦች አሏት፤ በእነርሱም እንደ ዓሣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን አየር ትስባለች። የታችኛው ከንፈሯ እንደ ክንድ ታጥፎ የሚኖር ሲሆን፥ ጫፉ መንጠቆ አለው፤ የትንኝ እጭ ወይም ሌላ ታናሽ ነፍሳት በፊቷ ሲያልፍ በቅጽበት ሰድዳ ትይዘዋለች።

እጪቱ ዐሥር ጊዜ ያህል ቆዳዋን እየለወጠች ታድጋለች። እንደ ዓይነቷና እንደ ውሃው ሙቀት ይህ ዘመኗ ጥቂት ወራት ወይም ከዓመት የበለጠ ይሆናል። ጊዜዋ ሲደርስ በቄጠማ ወይም በድንጋይ ላይ ወጥታ ትጣበቃለች፤ ጀርባዋ ይሰነጠቃል፥ ባለ ክንፏም ከውስጥ ትወጣለች። ያን ጊዜ ገላዋ ለስላሳና የገረጣ ነው፤ ክንፏ ደርቆ ኅብሩ የሚያምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ ቆዳዋ ግን ቄጠማው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በክንፍ የምትኖርበት ዘመን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው፤ በዚህም ጊዜ እሾሃም እግሮቿን እንደ ቅርጫት አድርጋ ትንኝንና ዝንብን ትይዛለች።

እንግዲህ የዕድሜዋ ብዙው ክፍል በውሃ ውስጥ ያለፈ ነው። በአየር ላይ የሚታየው ውበቷ በውሃ ውስጥ ያለፈው የረዥም ኑሮዋ ፍጻሜ ነው።

ምስክርነቷ ስለምን እንደሚታመን

ውሃ አላፊ ነው፤ ዛሬ በድልድዩ ሥር ያለው ነገ በሌላ አገር ነው። ስለዚህ ዛሬ በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። እጪቱ ግን ነባር ናት። ባለፈው ወር ሌሊት መርዝ የፈሰሰ እንደ ሆነ፥ ከሦስት ሳምንት በፊት ውሃው ሸትቶ አየር ያጣ እንደ ሆነ፥ እርሷ በዚያ ነበረች። መሸሽ ስለማትችልም ወይ በሕይወት ተገኝታ ታስረዳለች፥ ወይ በመጥፋቷ ታስረዳለች።

የጅረት ዳር ታናናሽ ፍጥረታትን መመልከት ለትልቅ ነገር እንደሚያደርስ በዚህ አገር የታወቀ ማስረጃ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሳሉ፥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ ተነሥተው መርምረው፥ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። መነሻው ሌላ ሰው አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆሞ ማየት ነበር።

ከጅረት የሚያጠፏት ነገሮች

1ኛ፤ የወንዝ ዳር ዛፍና ቄጠማ መቍረጥ ነው። ጥላው ሲነሣ ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃም ከቀዘቀዘው ይልቅ ጥቂት አየር ይይዛል። ቄጠማው ሲታጨድ ደግሞ እንቍላሏን የምታስቀምጥበት ታጣለች። በቄጠማው ፈንታ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ባሕር ዛፍ መትከልም ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ባሕር ዛፍ ውሃን አብዝቶ የሚጠጣ፥ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ የማያበቅል ነውና።

2ኛ፤ ደለል ነው። ወንዙ ዳር ድረስ የታረሰ ተዳፋት አፈሩን በክረምት ወደ ጅረቱ ይልካል። አፈሩም በድንጋዮች መካከል ያለውን መኖሪያ ይደፍናል፥ ስንጥብንም ያውካል።

3ኛ፤ ብርብራና እንዶድ ነው። ብርብራ እየወቀጡ ወደ ወንዝ በመጨመር ዓሣ መያዝ በብዙ ስፍራ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን የብርብራ ፍሬ ለይቶ አይገድልም፤ የሚበላውን ዓሣ፥ ጫጩቱንና እጪቱን አንድ አድርጎ ይፈጃል። እንዶድም ለልብስ መልካም ሲሆን፥ በውሃው ውስጥ ሲፈስ በስንጥብ የሚተነፍሱትን ይጎዳል።

4ኛ፤ የተባይ መድኃኒት ነው። የመርጫውን ዕቃ በጅረት የሚያጥብ ሠራተኛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የብዙ ወር ሕይወት ያጠፋል።

5ኛ፤ የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በታች በተለይ ይነገራል።

ስለ ቡና ማጠቢያና ስለ ታችኛው ሠፈር

በከፋ፥ በጅማ፥ በኢሉባቦርና በሲዳማ አገር እሸት ቡና የሚታጠበው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህ ጊዜ ዝናቡ አቁሞ ጅረቱ የሚያንስበት ወራት ነው፤ ፍሳሹ ሲበዛ ውሃው ይቀንሳል። ቡና የአገር ሀብት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ብዙ ቤተ ሰብ የሚያድረው በእርሱ ነው። ውሃም ደግሞ የሌላው ሕይወት ነው። ስለዚህ በዚህ ወራት ክርክር ይነሣል።

እንበል፤ የታችኛው ሠፈር ሰዎች ወደ ወረዳው ሹም መጥተው፥ «ውሃው ጠቍሯል፥ ይሸታል፥ ከብቱም አፍንጫውን ነፍቶ ይመለሳል፤ የታጠበበትም ሰው ገላው ያሳክከዋል» ብለው አመለከቱ። ባለ ማጠቢያውም፥ «ቡና ፍሬ ነው እንጂ መርዝ አይደለም፤ ጅረቱ ከጥንት እንዲሁ ነበር» ብሎ መለሰ። ሹሙ ቀን ቈርጦ ሊያይ ሲሄድ፥ ባለ ማጠቢያው አስቀድሞ ስለ ሰማ ቦዩን ዘግቷል፤ ውሃው ጠርቶ ይወርዳል። ሹሙ በውሃው መልክ ብቻ ቢፈርድ የታችኞቹን ሐሰተኞች ያደርጋል።

በዚህ ጊዜ ነባሩ ምስክር ይጠየቅ። ከማጠቢያው በላይና ከማጠቢያው በታች ድንጋይ እየገለበጡ በወንፊት ይፈለግ። ከላይ የተርብ ዝንብ እጭና ሌሎች ባለ ስንጥብ ነፍሳት ተገኝተው፥ ከታች በጭቃው ውስጥ ቀያይ ትሎች ብቻ ቢገኙ፥ ጉዳዩ ተገልጧል። ቦዩን አንድ ቀን በመዝጋት የብዙ ወራት ኑሮ ተመልሶ አይመጣምና።

ሆኖም የባለ ማጠቢያው ቃል ግማሹ እውነት ነው። ፍሳሹ የሚገድለው እንደ መርዝ ሆኖ ብቻ አይደለም። ከቡናው ልጣጭና ከሚያዳልጠው ዝልግልግ የሚወጣው ስኳር በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳትን ይመግባል፤ እነርሱም ሲበዙ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ስለዚህ ዓሣውና እጪቱ ታፍነው ይሞታሉ። የሚፈላውም ስኳር ውሃውን ያኮመጥጠዋል። ከላይም ከታችም እጭ ባይገኝ ግን ባለ ማጠቢያው ብቻውን ጥፋተኛ ሊባል አይገባውም፤ ምክንያቱ ከእርሱ በላይ ሊሆን ይችላልና ፍለጋው ወደ ምንጩ ይቀጥል። እንዲህ ያለው ምርመራ ለከሳሹም ለተከሳሹም ይጠቅማል።

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ማጠቢያውን ዘግቶ መሄድ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ፍሳሹ ከጅረቱ ርቆ በተቈፈሩ ተከታታይ ጕድጓዶች ይረፍ፤ ከዚያም የቬቲቨር ሣር በተተከለበት መስክ ቀስ እያለ ይለፍ። ልጣጩ ወደ ወንዝ አይጣል፤ ከፍግና ከአፈር ጋራ ተከምሮ ሲበሰብስ ለራሱ ለቡናው መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። አንድ ጊዜ የሠራው ውሃ ተመልሶ እንዲሠራ ይደረግ፤ አዲስ መፈልፈያ የሚገዛም ሰው ጥቂት ውሃ የሚፈልገውን ይምረጥ።

ስለ ምርመራው ሥርዓት

ይህን ምርመራ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ወንፊት፥ አንድ ነጭ ሳህን፥ አንድ መዝገብ፥ ትዕግሥት ያለውም ሰው ይበቃል። የአገሩ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋራ ሊሠሩት ይችላሉ። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በአንዱ ጅረት ላይ ሦስት ስፍራ ይመረጥ፤ ከሠፈሩ በላይ፥ በሠፈሩ አጠገብ፥ ከሠፈሩ በታች። የሦስቱም ስፍራ ጥላና የውሃ ፍጥነት በተቻለ መጠን ይመሳሰል።

2ኛ፤ ፀሐይ ባለበት ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 9 ሰዓት ድረስ በየስፍራው በዳር ዳሩ 100 እርምጃ እየተራመዱ የታየችው ተርብ ዝንብ ሁሉ ትቈጠር። ደመና በሆነ ቀን ስለምትሸሸግ የዚያ ቀን ቍጥር አይታመንም።

3ኛ፤ ባለ ክንፏ ከሌላ ስፍራ በርራ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ በቄጠማው ላይ የቀረ ባዶ ቆዳ ይፈለግ፤ እርሱ በዚያው ውሃ ማደጓን ያረጋግጣል።

4ኛ፤ በየስፍራው ዐሥር ድንጋይ ተነሥቶ፥ ሥሩ በወንፊት ታጥቦ በነጭ ሳህን ላይ ይታይ። የተገኙት ነፍሳት ከተቈጠሩ በኋላ ወደ ውሃው፥ ድንጋዮቹም ወደ ስፍራቸው ይመለሱ።

5ኛ፤ ሥራው በዓመት ሦስት ጊዜ፥ በግንቦት፥ በጥቅምትና በታኅሣሥ ይደገም። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ ሁሉን ስለሚያናውጥ የዚያን ጊዜ ቍጥር ለፍርድ አያቀርቡትም።

6ኛ፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የስፍራው ስምና የተቈጠረው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ያልተገኘም ነገር «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ ስፍራ ከዓመት በኋላ ምንም አይናገርም።

ሊታወቅ የሚገባው ጥንቃቄ

የዚህች ፍጥረት ምስክርነት ወሰን አለው። በመጀመሪያ፥ እርሷ ያለችበት ውሃ ሕያው ነው ማለት እንጂ ሳይፈላ ይጠጣ ማለት አይደለም። ከሰውና ከከብት እዳሪ የሚመጡ የበሽታ ሕዋሳት እርሷን ሳይነኩ ሰውን ሊገድሉ ይችላሉ። ሁለተኛ፥ ከቀጭኗ ወገን አንዳንዶቹ ዓይነቶች በረጋና በቆሸሸ ኵሬም ይኖራሉ፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ በብዛት መታየቱ ደስ ሊያሰኝ አይገባም፤ መልካሙ ምልክት የዓይነቱ መብዛት ነው። ሦስተኛ፥ የትንኝ እጭ ብትበላም ወባን ብቻዋን አታጠፋም። አራተኛ፥ ትልቅ ክርክር በሆነ ጊዜ ይህ ምርመራ የት ስፍራ ውሃ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ እንደሚገባው ያመለክታል እንጂ ላቦራቶሪውን አይተካም።

ስለ ወንዝ ዳር አጠባበቅ

ባለ መሬት ሁሉ በጅረቱ ግራና ቀኝ ጥቂት እርምጃ ሳያርስ ቢተው፥ በእርሻው ጫፍ የሚያጣው እህል ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው ግን ጎርፍ የማይወስደው መሬትና በበጋ የማይነጥፍ ውሃ ነው። ዶቅማውንና ሾላውን ማቆየት፥ የታጣውንም መትከል፥ ከብቱ በአንድ በተደለደለ መውረጃ ብቻ እንዲጠጣ ማድረግ፥ ልብስ ማጠቢያውን ከጅረቱ ፈንጠር አድርጎ መሥራት፥ ለማንም የሚከብድ አይደለም። ሹሙ ይህን በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን በማስረዳት ቢያደርገው የበለጠ ይጸናል፤ ሕዝቡ ውሃውን ከሹሙ በፊት የሚያውቅ ነውና።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 6016 የተርብ ዝንብ ዓይነቶችን መርምሮ፥ ከመቶው 16 እጅ ያህሉ ለመጥፋት የተቃረቡ መሆናቸውን አስታውቋል። ምክንያቱም በየአገሩ የሚኖሩባቸው ጅረቶችና ረግረጎች መበላሸታቸው ነው። ከዚህ አገር በቀር በሌላ ስፍራ የማትገኝ ተርብ ዝንብ ከዚህ ጅረት ከጠፋች፥ ከሌላ አገር ተፈልጋ አትመጣም።

ስለዚህ በወረዳው ጕብኝት የሚወጣ ሹም ከድልድዩ ላይ ሆኖ ውሃውን አይቶ አይለፍ። ከበቅሎው ወርዶ በቄጠማው አጠገብ ጥቂት ይቁም፤ ባለ ኅብር ክንፏን ካገኛት ቀኑንና ስፍራውን ይጻፍ። አምና ተጽፋ ዘንድሮ ካጣት ግን መንገዱን ትቶ ጅረቱን ይዞ ወደ ላይ ይውጣ፤ ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስም አይመለስ።